ቴምብሩን ማን ይለጥፍ?

በገዛ እጃችሁ ደብዳቤ ጽፋችሁ ከላካችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? የሥራ ማመልከቻ ወይም ለሽማግሌዎች የገባ አቤቱታ ማለቴ አይደለም። ወረቀቱን አጥፋችሁ ፖስታ ውስጥ የከተታችሁትን፣ ቴምብሩን በምላሳችሁ አርጥባችሁ የለጠፋችሁበትን ደብዳቤ ነው የምላችሁ። አብዛኞቻችሁ "ኧረ ስንት ዘመኔ!" እንደምትሉ እገምታለሁ። ወጣቶቹ ደግሞ ቴምብር የሚባለውን ነገር የምታውቁት ምናልባት ውል ስትፈራረሙ ይሆናል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለዚህች ጠርዟ የመጋዝ ጥርስ ስለሚመስል ትንሽ ወረቀት ነው። ከትዳር ጋር ምን እንደሚያገናኛት ቀስ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

ባለቤቴ ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ለንደን የሄደው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። እኔ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ደብረ ብርሃን ቀረሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማታ ማታ በቪዲዮ እንተያይ ነበር፤ ልጆቹ የሳሉትን ሥዕል፣ የወለቀ ጥርሳቸውን፣ አዲስ የገዛነውን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሳይቀር ያሳዩታል። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መተያየቱ ቀረ። የቀጥታ ስልክ ጥሪ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ደቂቃ እየቆጠርን፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር እንነጋገራለን።

"ደህና ነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

"ደህና ነኝ። ልጆቹስ?"

"ደህና ናቸው። ጸልይልን።"

"አሜን። እናንተም ጸልዩልኝ።"

ይኸው ነው። ባል ወይም ሚስት በሥራ፣ በትምህርት ወይም በስደት የተለያችኋችሁ አንባቢያን ይህንን ንግግር በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ውሸት የለበትም። እውነትም ግን ብዙ የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ቪዛውን በስንት ጸሎት አግኝቼ ለሦስት ሳምንት ልጠይቀው ሄድኩ። ልጆቹን አማቴ ያዙልኝ። ሁለት ዓመት ያልተያዩ ባልና ሚስት ሲገናኙ ቃል እንደ ክረምት ጎርፍ የሚወርድ ይመስላችሁ ይሆናል። እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዘመድ አዝማድ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አውርተን ጨረስን። ከዚያ በኋላ ተከባብረን ዝም አልን። በመካከላችን አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበር። ትምህርቱን ሲጨርስ እዚያው ሥራ ሊያገኝ እንደሚችል ተነግሮታል፤ ይህንን በስልክ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ ነበር። ይመለሳል ወይስ ይቀራል? እኔ ልጠይቀው ፈራሁ፤ እርሱም አላነሣውም።

አንድ ዝናባማ ቀን "የፖስታ ሙዚየም ልውሰድሽ?" አለኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሁሉ የለንደን ነገር መካከል ፖስታ ቤት! እርሱ ግን በልጅነቱ ቴምብር ይሰበስብ ስለነበር ወደዚያ መሄድ ሲመኝ ቆይቷል።

ሙዚየሙ ማውንት ፕሌዛንት በሚባለው ሰፈር፣ ከትልቁ የደብዳቤ መለያ ጣቢያ ማዶ ይገኛል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የድሮ የፖስታ ሠረገላ፣ ቀያይ የፖስታ ሣጥኖች፣ የፖስተኞች የደንብ ልብስ አለበት። ከመሬት በታች ደግሞ ከ1927 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የቆየ ትንሽ ባቡር አለ። ሰው ለማመላለስ የተሠራ አይደለም፤ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ውስጥ እየሄደ ደብዳቤና ጥቅል ብቻ ያጓጉዝ ነበር። አሁን ጎብኚዎችን በጠባብ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፎ ያዞራል። እኛም ተሳፈርን። ሰው የሌላውን ሰው ቃል ለማድረስ ይህን ያህል መሬት መቆፈሩን ሳስብ ገረመኝ።

ልቤን የያዘው ግን ፔኒ ብላክ የሚባለው ጥቁር ቴምብር ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ የጎን መልክ ያለበት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ወረቀት ነው። በዓለም የመጀመሪያው ተለጣፊ የፖስታ ቴምብር ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1840 ነው። የአገሩ ስም አልተጻፈበትም፤ የመጀመሪያዎቹ እነርሱ ስለሆኑ የእንግሊዝ ቴምብሮች እስከ ዛሬ የአገራቸውን ስም አይጽፉም። ባለቤቴ ይህንን ሲያስረዳኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱ ሲበራ አየሁት።

ከቴምብሩ በፊት የነበረውን ሥርዓት ስሙልኝ። በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ የሚታሰበው በመንገዱ ርዝመትና በወረቀቱ ብዛት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ደግሞ ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ፖስተኛው በሩን አንኳኩቶ "ደብዳቤ መጥቶልሃል፤ ይህን ያህል ክፈል" ይላል። ድሃ ከሆንክ የእናትህን ደብዳቤ በዓይንህ አይተህ ትመልሳለህ። ገጣሚው ኮልሪጅ በሰሜን እንግሊዝ ሲዘዋወር አጋጠመው ተብሎ የሚነገር ታሪክ አለ። አንዲት ሴት የመጣላትን ደብዳቤ አገላብጣ አይታ ለፖስተኛው መለሰችለት። አዝኖላት ከኪሱ ከፈለላት። ፖስተኛው ዞር ሲል ደብዳቤውን ከፍታ አሳየችው፤ ውስጡ ባዶ ነበር። ከወንድሟ ጋር ተነጋግረዋል፤ ባዶ ወረቀት ከመጣ ደህና ነው ማለት ነው፣ ማንም ምንም አይከፍልም።

ይህን ስሰማ "ሚስኮል!" ብዬ ጮህኩ፤ አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። እኛስ ያው አይደለንም? አንድ ጊዜ ጠርቶ ሲቋረጥ "ደርሻለሁ"፣ ሁለት ጊዜ ሲጠራ "መልሰህ ደውል"። ሒሳብ ያለቀበት ሰው "ደውልልኝ" የሚል መልእክት ይልክና ወጪውን ወደ ሌላው ያሻግራል። የድሃ ብልሃት ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ባዶ ወረቀት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት አለሁ። እኔና ባለቤቴ ለአንድ ዓመት ያህል ስንላላክ የቆየነው ይህንኑ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ሮውላንድ ሂል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1837 ይህ ሥርዓት እንዲቀየር የሚሞግት ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ላኪው አስቀድሞ ይክፈል፤ ዋጋው በአገሩ ውስጥ በርቀት ሳይለያይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ መከፈሉም በደብዳቤው ላይ ይታይ። ከ14 ግራም ለማይበልጥ ደብዳቤ አንድ ፔኒ ብቻ ተወሰነ። በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የደብዳቤ ቁጥር በ1840 ወደ 169 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው! ሰዎቹ ድሮም የሚናገሩት ነበራቸው፤ አፋቸውን የያዘው ዋጋው ነው።

ወንጌል ለምናምን ለእኛ ይህ ነገር ምን እንደሚያስታውሰን መናገር የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። መልእክቱ በራችን ድረስ የመጣው ዋጋው በላኪው ተከፍሎ ነው፤ የተከፈለውም በብር ወይም በወርቅ አይደለም (1ጴጥ. 1፥18-19)። በዚያ ሙዚየም ቆሜ ግን አእምሮዬ የሄደው ከመዳን ትምህርት ይልቅ ወደ ቤታችን ነው። እግዚአብሔር አስቀድሞ የከፈለልን ሰዎች ሆነን ሳለ፣ በትዳራችን ውስጥ ሒሳቡን ወደ ሌላው የምናሻግረው ስንት ጊዜ ነው? "እርሷ ካልጠየቀችኝ ለምን እናገራለሁ?" "እርሱ ካልጀመረ እኔ ምን ቸገረኝ?" ሁለቱም በራቸው ላይ ቆመው ፖስተኛ ይጠብቃሉ።

ከዚያ ደግሞ 1840 የሚለውን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት፤ 1832 ዓ.ም.። እናቴ የአንኮበር ሰው ናት። በ1832 አንኮበር ላይ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነግሠው ነበር። በዚያን ጊዜ አንኮበር ከነበሩት እንግዶች አንዱ ደግሞ ስሙን ብዙዎቻችሁ በወንጌል ታሪክ የምታውቁት ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሃን ሉድቪግ ክራፍ ነው።

ክራፍ ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1839 ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል ሸዋ ገባ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ ክራፍ እስከ መጋቢት 1842 ድረስ ቆየ። አንኮበር ሄዳችሁ ከሆነ ቦታውን ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ቁልቁል ስታዩ አልዩ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ በጭጋግ የተሸፈነው የአፋር ቆላ ይታያል። አልዩ አምባ የነጋዴዎች ገበያ ነበረች፤ ከታጁራ የሚመጣ ግመል ሁሉ ወደ እርሷ ነው የሚወጣው። ለክራፍ የሚመጣ ደብዳቤም በዚሁ መንገድ በነጋዴ ወይም በመልእክተኛ እጅ ወር ከዚያም በላይ ተጉዞ ይደርሳል፤ ይህም ከባሕሩ ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ለንደን ላይ ጥቁሩ ቴምብር ሲሸጥ፣ ከአንኮበር ቁልቁል እየተመለከተ ግመል የሚጠብቅ ሰው ነበር ማለት ነው።

ለእኛ ለባለትዳሮች የሚሆነው የታሪኩ ክፍል ይህ ነው። ክራፍ ሸዋ ሳለ የወደፊት ሚስቱ ሮዚና ዲትሪኽ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ነበረች። እርሷ ቀድሞ ለሌላ ሚሲዮናዊ ታጭታ እጮኛዋ የሞተባት ሴት ናት። አንኮበር ያለ ሰው ባዝል ላለች ሴት ልቡን ሊገልጥ የሚችልበት መንገድ ከወረቀት በቀር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1842 ክራፍ ከሸዋ ወጥቶ በወሎ በኩል ሲያልፍ ንብረቱን ተዘርፎ ከብዙ መከራ በኋላ ምጽዋ ደረሰ፤ ከዚያም ግብፅ ሄደ። ሮዚናም ወደ ግብፅ መጣች፤ እዚያም ተጋቡ። እስቲ አስቡት እህቶቼ! ከአገሯ ተነሥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ የምታውቀው ጽሑፉን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ያሳዝናል። ባልና ሚስቱ ወደ ሸዋ ለመመለስ ሞከሩ፤ በሩ ተዘጋባቸው። በ1843 በምጽዋ በኩል ሞክረው ሲመለሱ ሮዚና በሾሆዎች ምድር በረሃ ላይ ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ክራፍ ስሟን በአማርኛ "እንባ" ብሎ ሰየማት፤ በመንገድ ዳር ከዛፍ ሥር ቀበራት። መንገደኞቹ አንጠብቅም ስላሉ ሮዚና በሦስተኛ ቀኗ ጉዞ ቀጠለች። በ1844 ሞምባሳ ላይ እርሷም፣ አዲስ የተወለደችው ሁለተኛዋ ልጅም ሞቱ። ክራፍ ለላከው ማኅበር ይጽፋቸው የነበሩት ደብዳቤዎች ከማኅበሩ መዛግብት ጋር ዛሬ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። አንኮበር ሄጄ በቆምኩ ቁጥር ስለ ነገሥታቱ ብዙ ይነገረኛል። ስለ ሮዚና ግን ማንም አይነግረኝም፤ አንኮበርን ለማየት ስለ አልታደለች ይሆናል። እኔ ግን አንኮበር በእርሷ ልብ ውስጥ በቀለም ተስላ እንደነበረች አስባለሁ።

የራሳችን ቴምብር የመጣው ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት ሲያቋቁሙ፣ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ሰባት ዓይነት ቴምብር ፓሪስ ታተመላቸው፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው። ቴምብሮቻችንን ለማየት ለንደን መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ አዲስ አበባ በዋናው ፖስታ ቤት የኛው የፖስታ ሙዚየም አለ። ባለቤቴ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የኛ ቴምብር ብቻውን አያደርሰውም፤ ከድንበር ወዲያ የፈረንሳዮቹ የጅቡቲ ግዛት ቴምብርም ሊለጠፍበት ያስፈልግ ነበር። አንዱ እስከ ድንበሩ ይከፍላል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ክፍያ አለ። ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን።

በአዳራሹ አንድ ጥግ በአየር ግፊት የሚሠራ ቱቦ አለ። ድሮ መልእክት በዚህ ዓይነት ቱቦ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ይላክ ነበር። አሁን ለልጆች መጫወቻ ሆኗል፤ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በትንሽ ቀፎ ትከቱና ትለቁታላችሁ፤ ፉት ብሎ ሄዶ በወዲያኛው ጫፍ ዱብ ይላል። ባለቤቴ በአንዱ ጫፍ ቆሞ እኔን ወደ ሌላው ላከኝ። እየቀለደ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ስከፍተው እንዲህ ይላል፦ "መመለስም መቅረትም ፈራሁ።"

በሁለት ዓመት ውስጥ በስልክ ያላለኝን ነው። ከኋላዬ አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ ተራውን እየጠበቀ ነበርና ቶሎ ብዬ በጀርባው "እኔም" ብዬ ጻፍኩና መለስኩለት።

ከዚያ ሻይ የሚሸጥበት ክፍል ገብተን ሙዚየሙ ሊዘጋ እስኪል ተነጋገርን። ይህንን የምጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው። ከስምንት ወር በላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳልሄደ ነገረኝ። መጀመሪያ በሥራ ብዛት፣ በኋላ በሐፍረት። "ጸልዩልኝ" ሲለኝ እውነቱን እንደነበር፣ እርሱ ግን መጸለይ እንዳቃተው ነገረኝ። ቤተ ዘመዱ ለንደን ደርሶ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመለስ እንደሚጠብቅ፣ ባዶ እጁን መምጣት እንደሚከብደው ነገረኝ። እኔም ስለ ራሴ ነገርኩት። በክረምቱ የተኩስ ድምፅ የሰማን ዕለት ልጆቹን አልጋ ሥር አስተኝቼ ያደርኩትን፣ ስልክ ላይ "ደህና ናቸው" ያልኩት ያንኑ ሳምንት መሆኑን። እንዳይጨነቅ ብዬ ነው የደበቅኩት፤ እርሱም እንዳልጨነቅ ብሎ ነው። ሁለታችንም ለሌላው አዝነን ባዶ ወረቀት ስንላላክ ቆይተናል።

የዚያኑ ዕለት የተስማማነው ስለ መመለስና ስለ መቅረት አይደለም፤ እርሱን ገና በጸሎት እንያዘው ተባባልን። የተስማማነው በየአሥራ አምስት ቀኑ በእጃችን ልንጻጻፍ ነው። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ የእርሱ ባይመጣም የኔ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ትዝታ ላንሣ። በ1991 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ማንበብ የማትችል ጎረቤታችን ባለቤቷ ዘምቶ ስለነበር ደብዳቤ ሲመጣላት የማነብላት እኔ ነኝ። አጀማመሩ ሁሌ አንድ ነው፤ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ ለእገሌ ሰላም በይልኝ፣ ለእገሊት ሰላም በይልኝ። እርሷም አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማለች። አንድ ጊዜ ግን በመካከል፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የምድጃው ራስጌ የሚያፈሰው ጣሪያ ትዝ እንደሚለው ጽፎ ነበር። ይህንን ሳነብ አስቆመችኝ። "እስቲ ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት። "ጣሪያውን አስታወሰ!" ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሰላምታው ሁሉ ያላስለቀሳትን ሴት ጣሪያው አስለቀሳት። ሰውዬው በሰላም ተመልሶ መጀመሪያ ያደሰው እርሱኑ ጣሪያ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በባሕር ማዶም ሆነ በክፍለ ሀገር ሥራ የተለያያችሁ ባልና ሚስት ሆይ፣ ስትጽፉ ጣሪያውን ጻፉ። የበላችሁትን፣ ያስፈራችሁን፣ አውቶቡስ ውስጥ ያያችሁትን ሽማግሌ ጻፉ። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሳምንት እስከ 12 ሚሊዮን ደብዳቤ ለወታደሮቻቸው ያደርሱ ነበር፤ ያ ሁሉ የጦር ስልት አልነበረም፤ አብዛኛው ስለ ጓሮና ስለ ልጆች ሳል ይመስለኛል። አረብ አገር ያላችሁ እህቶች፣ እናንተ የምትልኩትን ብር የሚቀበሉ ባሎችም፣ ሐዋላ ደብዳቤ አይደለም። ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር እንጂ ልብ አይደለም። ገንዘቡን የላከችው እርሷ ከሆነች ቢያንስ ቴምብሩን አንተ ለጥፍ።

ደግሞም መጽሐፍ ቅዱሳችን ራሱ ምን ያህል በደብዳቤ የተሞላ እንደሆነ አስተውሉ። የሮሜን መልእክት ጳውሎስ ሲያስጽፍ በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ነው (ሮሜ 16፥22)፤ ለፌቤን ደግሞ በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ አደራ ይላል። ቲኪቆስ ስለ ጳውሎስ ኑሮ በቃል ጭምር እንዲነግራቸው ተላከ (ቆላ. 4፥7-8)። ዮሐንስ ግን የሚጽፈው ብዙ ነገር እያለው በወረቀትና በቀለም ሊጨርሰው አልወደደም፤ መጥቶ አፍ ለአፍ መነጋገርን ተስፋ አደረገ፣ ደስታም ያን ጊዜ ሙሉ እንደሚሆን (2ዮሐ. 12)። ደብዳቤ ሰውየውን አይተካም። እርሱ እስኪመጣ ድረስ ግን የሩቅ አገር መልካም ወሬ ለተጠማ ሰው ምን እንደሚሆን ጠቢቡ ነግሮናል (ምሳ. 25፥25)።

ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ የፖስታ ሣጥን ቁልፍ ፈልጌ አገኘሁ። እንደምታውቁት እኛ አገር ደብዳቤ የሚደርሰን በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ የምንጠቀመው ባለቤቴ የሚያውቀውን የመሥሪያ ቤት ሣጥን ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በአንድ ቀን ደረሱ። ልጆቹ ለጽሑፉ ግድ የላቸውም፤ የንጉሥ ቻርልስን ቴምብር ማን ይውሰድ በሚል ይጣላሉ። በአራተኛው ደብዳቤ ባለቤቴ ወደ አንድ የኢትዮጵያውያን ኅብረት መሄድ እንደጀመረ፣ የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መዝሙር ሳያልቅ ሊወጣ እንደነበር፣ አንድ አባት እጁን ይዘው "ልጄ፣ ሻይ ሳትጠጣ አትሄድም" እንዳሉት ጻፈልኝ። አራት ጊዜ አነበብኩት። በሰባተኛው፣ እመለሳለሁ አለ። ምክንያቱን በሁለት ገጽ ጽፎታል፤ እርሱ ግን የኔ ነው።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰም በኋላ መጻጻፉን አላቆምንም። እስከ ባለፈው ጥቅምት ድረስ የእርሱ ደብዳቤዎች 21፣ የኔዎቹ 24 ናቸው። የኔን በሻንጣው ይዞ መጣ፤ አሁን ሁሉም በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው።

ለንደንን ከመልቀቁ በፊት የላከው የመጨረሻው ደብዳቤ ግን ከእርሱ በኋላ በሦስት ሳምንት ደረሰ። ሣጥኑን ሊያይ የሄደው ራሱ ነበር። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የጦስኝ ሻይ አፍልቼ ስቀመጥ ፖስታውን ከኪሱ አወጣ።

"ደብዳቤ መጥቶልሻል" አለኝ። "ላንብብልሽ?"

"አንተ ጻፍክ፣ አንተ አመጣህ፣ ደግሞ አንተ ልታነብ?" አልኩት። "ወዲህ በለው፤ የደብዳቤ አንባቢዋ እኔ ነኝ።"